ማክ፣ አንቲቫይረስ፣ የአጎት ልጅና የሰርጉ ፍላሽ

«ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ነው። የሰርግና የምርቃት ፎቶና ቪዲዮ እሠራለሁ። የምሠራበት ኮምፒውተር እህቴ ከዓረብ አገር የላከችልኝ ማክቡክ ፕሮ ነው፣ በፈረንጆቹ የ2015 ስሪት።

የአጎቴ ልጅ ኮምፒውተር ይጠግናል። ሥራ ስጀምር ካሜራ ያዋሰኝ፣ የመጀመሪያ ደንበኞቼንም ያመጣልኝ እሱ ነው። አምና ‹ያለ አንቲቫይረስ እንዴት ትሠሪያለሽ› ብሎ በፍላሽ ያመጣውን ጫነልኝ። ክራክ ነው፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ ሳይገዛ የሚሠራ፣ ግን ‹ማደሻ› እያለ ብር ይቀበለኛል። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ይግላል፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ አንድ ቪዲዮ ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል።

ታናሽ ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ነው የሚጠቀመው። ‹ማክና ሊኑክስ ቫይረስ አይነካቸውም፣ ተበልተሻል› ይለኛል። እሱና የአጎቴ ልጅ በኔ ምክንያት ሊኳረፉ ምንም አልቀራቸውም።

ባለፈው ወር ደግሞ የባሰ መጣ። የአንድ ሰርግ ቪዲዮ በፍላሽ ሰጠሁ። በማግስቱ የሙሽራዋ እናት ደወሉ። ዘመድ ጎረቤት ሰብስበው ቲቪ ላይ ቢሰኩት እያንዳንዱ ቪዲዮ ሁለት ሁለት ሆኖ መጣ፣ አንዱ ይከፈታል፣ ሌላው አይከፈትም። ‹ቫይረስ ሰጠሽን› አሉኝ። ቀሪውን ክፍያ ከለከሉኝ፣ ሰፈር ውስጥም ስሜ ተነሳ። የአጎቴ ልጅ አሁን ‹ጠንከር ያለ ሌላ ልጫንልሽ› ይላል። እምቢ ብል ውለታ ቢስ ልባል ነው። እሺ ብል ኮምፒውተሬ ሊሞትብኝ ነው። ምን ላድርግ? ግራ የገባት፣ ከድሬ»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፣ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ይመስለኛል። ለዚያ ሰርግ ቤት ቫይረስ የሰጠሽ አይመስለኝም።

ማክ ለቲቪም ለዊንዶውስም በሚሆን ፍላሽ ላይ ፋይል ሲገለብጥ ከያንዳንዱ ፋይል ጎን አንዲት ትንሽ ፋይል ሊያስቀምጥ ይችላል። ስለ ዋናው ፋይል የሚይዛት ማስታወሻ ናት። ስሟ ከዋናው ጋር አንድ ነው፣ ከፊቷ ብቻ ነጥብና የታች ሰረዝ አለ። መጠኗ ብዙውን ጊዜ 4 ኪሎ ባይት ነው። አንቺ ማክሽ ላይ አታያትም፣ ተደብቃ ነው ያለችው። ቲቪው ግን ይህን አያውቅም። የስሟ መጨረሻ እንደ ቪዲዮ ስለሆነ ከቪዲዮዎቹ ጋር ይደረድራታል፣ ሲጫኗት ደግሞ ውስጧ ቪዲዮ ስለሌለ አልከፍትም ይላል። ሁለት ሁለት፣ አንዱ የሚከፈት አንዱ የማይከፈት ያልሽው ልክ ይህንን ነው የሚመስለው።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። ለእናትየዋ ደውለሽ የቲቪውን ስክሪን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም እንዲልኩልሽ ለምኛቸው። የማይከፈቱት ሁሉ በነጥብና በታች ሰረዝ የሚጀምሩ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ምናልባት የተለየ ነገር ካየሽ፣ ለምሳሌ ፎልደሮቹ የቀስት ምልክት ያለባቸው ሾርትከት ሆነው ከመጡ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እመለስበታለሁ።

ስትደውዪ ስለ ብሩ አታንሺ። «እናቴ፣ ቫይረስ አይመስለኝም፣ ግን በደስታችሁ ቀን ስላሳፈርኳችሁ በጣም አዝኛለሁ፣ አዲስ ፍላሽ ይዤ መጥቼ ራሴ ቲቪው ላይ ላሳይዎት» በያቸው። ሰው ፊት ነው የተሳቀቁት፣ እንግዳ ሰብስበው። ቪዲዮው ደህና ሆኖ ሲያዩት የክፍያው ነገር ከራሳቸው ይመጣል ብዬ አስባለሁ። ካልመጣ ያኔ በግልጽ ትጠይቂያለሽ። ከመሄድሽ በፊት ግን አዲሱን ፍላሽ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ፣ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርገሽ፣ እነዚያን ትናንሽ ፋይሎች ሰርዣቸው። ቪዲዮው ላይ ምንም ጉዳት የለውም። የራስሽ ቤት ቲቪ ላይም አንዴ ሞክሪው።

አሁን የሾርትከቱን ነገር ላንሳ። ድሬ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ሲቪ ያሳተመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፍላሽሽን ትሰጪያለሽ፣ ስትመለሺ ፎልደሮችሽ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። እኔ ተማሪ እያለሁ የዓመት ሥራዬ ጠፋ ብዬ አልቅሻለሁ፣ ፋይሉ ግን እዚያው ፍላሹ ላይ ተደብቆ ነበር። ይህ ቫይረስ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው። ያንቺ ማክ ላይ መነሣት አይችልም። ደንበኛ ያመጣውን ፍላሽ ሰክተሽ ሺፍት፣ ኮማንድና ነጥብን አንድ ላይ ብትጫኚ የተደበቁ ፋይሎች ብቅ ይላሉ፣ መጨረሻቸው «ኤልኤንኬ» ወይም «ቪቢኤስ» የሚሉ ፋይሎችንም ልታገኚ ትችያለሽ። አንቺን አይነኩሽም። ግን በዚያው ፍላሽ ላይ ቪዲዮ ገልብጠሽ ከመለስሽላቸው ቫይረሱን ሳትነኪው ተሸክመሽ ታደርሺዋለሽ፣ ስሙም ያንቺ ይሆናል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛ ባመጣው ፍላሽ ሥራ አታስረክቢ። የፍላሹን ዋጋ ክፍያው ውስጥ አስገቢና ሁልጊዜ አዲስ ስጪ።

ወንድምሽ «አይነካቸውም» ያለው ግማሹ እውነት ነው። ኪስ አውላቂ የሚውለው እዚያው ድሬ ታይዋን ገበያ ግፊያው መሃል ነው እንጂ ሰው የማይተላለፍበት ጭር ያለ መንገድ ላይ አይደለም። ቫይረስ የሚሠሩትም እንደዚያው ናቸው፣ ብዙ ሰው ያለው ዊንዶውስ ላይ ስለሆነ እዚያ ይሰለፋሉ። ማክ ያነሰ የሚጠቃው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ግን ያነሰ ማለት ምንም ማለት አይደለም። በ1982 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) በፍሎፒ ዲስክ ከሰው ወደ ሰው የተሰራጨው ኤልክ ክሎነር፣ ከመጀመሪያዎቹ ቫይረሶች አንዱ፣ የተሠራው ለአፕል ኮምፒውተር ነበር፣ የሠራው ደግሞ የ15 ዓመት ተማሪ ነው። በ2012 ደግሞ ፍላሽባክ የሚባለው 600 ሺህ ገደማ ማኮችን ይዟል። የገባው ጃቫ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ በነበረ የደህንነት ቀዳዳ ነው። ለሌሎች ኮምፒውተሮች ማስተካከያው የካቲት ላይ ወጥቶ ነበር፣ ለማክ ግን እስከ ሚያዝያ ቆየ። በዚያው ዓመት አፕል ማክ የፒሲ ቫይረስ አይዘውም የሚለውን ማስታወቂያውን ከድረ ገጹ አነሣ።

አሁን ያለው ደግሞ ከዚያ ይለያል። ከ2023 ጀምሮ አቶሚክ የሚባል የማክ ሌባ ሶፍትዌር በቴሌግራም በወር 1000 ዶላር ሲከራይ ነበር። ይህን ያህል የሚከፍል ሰው ካለ ማክ ላይ የሚሰረቅ ነገር አለ ማለት ነው። ይህ ሌባ ፋይል አያበላሽም፣ ኮምፒውተሩም የታመመ አይመስልም። የማክሽን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የውሸት ሳጥን ያመጣልሻል፣ ስትሞዪው ብራውዘር ውስጥ ያስቀመጥሻቸውን የይለፍ ቃሎች ጠራርጎ ይሄዳል። ከሰሞኑ የመጣው ደግሞ «ይህን ኮፒ አድርገህ ተርሚናል (ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም) ላይ ለጥፍ» የሚል መመሪያ ነው፣ ችግር የሚፈታ መስሎ። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ገጹን ዝጊው፣ በቃ።

ስለ ሊኑክስ ብዙ አልልም፣ ያንቺ ጥያቄ አይደለም። ወንድምሽ ፕሮግራሞቹን ከኡቡንቱ ማከማቻ ብቻ እያወረደ በየጊዜው የሚያዘምን ከሆነ እሱ ያለ አንቲቫይረስ ደህና ነው። ግን «ሊኑክስን አይነካም» ሲልሽ በ2016 ሚራይ የሚባለው ጎጂ ፕሮግራም ሊኑክስ የጫኑ ራውተሮችንና ካሜራዎችን በገፍ እንደያዘ ንገሪው፣ የገባውም ማንም ባልቀየረው የፋብሪካ የይለፍ ቃል ነው። የቤታችሁን የዋይፋይ ራውተር የይለፍ ቃል የመቀየር ሥራ ለሱ ስጪው፣ ደስ ይለዋል።

ታዲያ ላንቺ አንቲቫይረስ ያስፈልግሻል? እኔ የምለው፣ ብር ተከፍሎበት ቀን ከሌት የሚሠራ አንቲቫይረስ የግድ አያስፈልግሽም። ማክ የራሱ መከላከያ አለው። ኤክስፕሮቴክት የሚባለው ከ2009 ጀምሮ፣ ጌትኪፐር የሚባለው ደግሞ ከ2012 ጀምሮ አብሮት አለ። የመጀመሪያው የታወቁ ጎጂ ፕሮግራሞችን ያግዳል። ሁለተኛው ካልታወቀ ሰው የመጣ ፕሮግራም ስትከፍቺ «ማን እንደሠራው ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ ያስቆምሻል። ጥርጣሬ ሲገባሽ እንደ ማልዌርባይትስ ያለ ነጻ መፈተሻ ከራሱ ከድርጅቱ ገጽ አውርደሽ ማስፈተሽ ትችያለሽ። ያ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የአጎትሽ ልጅ ሲጭንልሽ አጠገቡ ነበርሽ? ያ ማስጠንቀቂያ መጥቶ ነበር? በቀኝ ክሊክ አልፎት፣ የይለፍ ቃልሽን ሙዪ ብሎሽ ነበር?

ከሆነ፣ እህቴ፣ እኔን የሚያሰጋኝ እዚህ ጋ ነው። አንቲቫይረስ ማለት ሙሉ ኮምፒውተርሽን እንዲያይ ፈቃድ የምትሰጪው ፕሮግራም ነው፣ እያንዳንዱን ፋይል ይከፍታል። ዘበኛ ቀጥረሽ የክፍሎቹን ሁሉ ቁልፍ እንደመስጠት ነው። ክራክ የሆነው ደግሞ ማን እንደነካካው አይታወቅም። የአጎትሽ ልጅም አያውቅም፣ እሱም ከአንድ ቦታ አውርዶት ነው። እሱ ሊጎዳሽ አስቦ ነው አልልም። በዊንዶውስ ዘመን የለመደውን በቅንነት ነው ያደረገው። ግን አንቲቫይረስ ከሌለው ማክና ክራክ አንቲቫይረስ ካለው ማክ ምረጪ ብትዪኝ ያለ ምንም ማመንታት የሌለውን እመርጣለሁ።

ሌላም የምጠይቅሽ አለ፣ ላሳፍርሽ ብዬ ግን አይደለም። ቪዲዮ የምታዘጋጂበት ፕሮግራምስ ከየት የመጣ ነው? በ2023 ፋይናል ከት በሚባለው የቪዲዮ ማዘጋጃ ክራክ ውስጥ ተደብቆ በሰው ማክ ክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍር ፕሮግራም ተገኝቶ ነበር። ምልክቱ ያንቺው ነው፣ መጋል፣ የፋን ጩኸት፣ መንቀርፈፍ። የሚያስገርመው ደግሞ አክቲቪቲ ሞኒተር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ላይ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የማክ ፕሮግራም፣ ሲከፈት ሥራውን አቁሞ ይጠፋል፣ መብራት ሲበራ ጥግ እንደሚይዝ ሌባ። ስለዚህ «ከፍቼ አየሁ፣ ምንም የለም» ማለት አያስተማምንም። ፋይናል ከት 300 ዶላር ነው፣ ለድሬ ፎቶ ቤት ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ስሪት አለው፣ ብዙ ባለሙያ የሚሠራበት። ለማክሽ የሚሆነውን የቆየ ስሪት ከራሱ ከድርጅቱ የድጋፍ ገጽ ታገኚያለሽ። አይሙቪም አለ፣ እሱም ነጻ ነው። ለመልመድ ሁለት ሦስት ሳምንት ትቸገሪያለሽ።

እኔ ብሆን ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ እጭነዋለሁ። አንቲቫይረሱን ብቻ ማንሣት ልቤን አያሳርፈውም። መጀመሪያ የደንበኞችሽን ፎቶና ቪዲዮ ውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ ገልብጪ፣ ፕሮግራሞቹን ግን አትገልብጪ። ከተቻለ ሁለት ዲስክ ላይ ይሁን፣ የሰው ሰርግ ድጋሚ አይቀረጽም። ከዚያ ማኩን አጥፍተሽ ስታበሪው ኮማንድና አርን ተጭነሽ ያዢ፣ ማጥፊያውና መጫኛው ይመጣል። ብዙ ጊጋ ባይት ስለሚያወርድ በሞባይል ዳታ አትጀምሪው፣ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ፣ መብራት በማይጠፋበት ሰዓት ይሁን። የጂሜል፣ የቴሌግራምና የፌስቡክ የይለፍ ቃሎችሽን ደግሞ ከስልክሽ ላይ ዛሬውኑ ቀይሪ፣ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አስገቢ። ቴሌግራም ላይ «መሣሪያዎች» የሚለው ውስጥ የማታውቂው ካለ አስወጪው። ኮምፒውተሩ አዲስ ከሆነ በኋላ አንዴ ድገሚው።

አንድ የማይደበቅ ችግር ግን አለ። የ2015 ማክቡክ ፕሮ ሞንተሬይ ከሚባለው የማክ ሥርዓት ስሪት በላይ አይሄድም። ሞንተሬይ በ2021 የወጣ ነው፣ አፕል ከ2024 በኋላ የደህንነት ማስተካከያ አልሰጠውም። ፍላሽባክ የገባው እንዲህ ባለ ክፍት ቀዳዳ ነው። ማንኛውም አንቲቫይረስ ያንን አይደፍነውም። ነገ ቀይሪው አልልሽም፣ ብሩ ከየት ይመጣል። ግን ኮምፒውተሩን የሥራ ብቻ አድርጊው። ባንክሽን፣ ኢሜይልሽን፣ ፌስቡክሽን በስልክ። ብራውዘሩን ማዘመን እስከቻለ ድረስ አዘምኚ። ለአንቲቫይረሱ የምትከፍዪውን ደግሞ ለቀጣዩ ኮምፒውተር ለብቻ አስቀምጪ።

አሁን ወደ አጎትሽ ልጅ። ያንን ብር የምትሰጪው ለአንቲቫይረሱ ነው ወይስ ለውለታው? ራስሽን በደንብ ጠይቂ። ለውለታው ከሆነ ሌላ መክፈያ መንገድ አለ፣ ደግሞም የተሻለ። ኮምፒውተርሽ የሚግለው በሶፍትዌር ብቻ ላይሆን ይችላል። ዕድሜው አለ፣ የድሬ ሙቀትና አቧራ አለ፣ ፋኑ ውስጡ ጥጥ መስሎ ሊሆን ይችላል። የዚያ ማክ የታችኛው ክዳን በአሥር ትናንሽ ብሎኖች ነው የታሰረው፣ የራሱን ልዩ መፍቻ ይፈልጋል። ከፍቶ ፋኑን ማጽዳት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ ፔስት መቀየር፣ ይህ የጠጋኝ ሥራ ነው፣ የሱ ሥራ ነው። በሙሉ ዋጋ ክፈዪው።

ፀሐይዋ በረድ ስትል ብቻሽን ሂጂ። ወንድምሽን አትውሰጂ፣ እሱ አጠገብሽ ካለ ንግግሩ ክርክር ይሆናል። «ጫንክብኝ፣ አበላሸህብኝ» አትበዪው፣ ያልተረጋገጠ ነገር ነው፣ ካፍ የወጣ ደግሞ አይመለስም። እንዲህ ብትዪውስ፦ «አንተ ባትኖር ይህ ሥራ አይጀመርም ነበር። ኮምፒውተሩን ግን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጭነው ነው፣ ክራክ የሆነ ነገር አልመልስበትም፣ አንቲቫይረሱንም ጨምሮ። ፋኑን ደግሞ ካንተ ሌላ ለማንም አላስነካም።» መጀመሪያ «አቦ ተይ» ሊልሽ ይችላል። ይበል። ሁለተኛውን አንቲቫይረስ ልጫን ካለ «አይ፣ ወስኛለሁ» በቂ መልስ ነው፣ ማስረዳት አይጠበቅብሽም። ቤተሰብ ውስጥ ወሬ ከተነሣም ካሜራውን ያዋሰሽ እሱ መሆኑን ቀድመሽ ተናገሪለት።

ሱቁ ውስጥ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ይኖረዋል ብዬ እገምታለሁ። የሰርጉን አዲስ ፍላሽ እዚያው ይዘሽለት ሂጂ። ትናንሾቹን ፋይሎች እሱ ራሱ ይሰርዝልሽ፣ ለምን ሁለት ሁለት ሆነው እንደታዩም አሳዪው። ለሌላ ማክ ላለው ደንበኛው ይጠቅመዋል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሙሽራዋ እናት ቤት።